ወፍ ሳታዩ እንዳትመለሱ፦ ከአእዋፍ ክበብ ጋር ለቅኝት አወጣጥ፣ ደረጃ በደረጃ

ከአእዋፍ ክበብ ጋር አንድ ቀን ወጥቶ ሁለተኛ ዝር የማይል ጀማሪ ብዙ ነው። ወፍ ጠፍቶ አይደለም። ሌላው ሁሉ "አያችኋት? እንዴት ታምራለች!" ሲባባል እሱ ቅጠል ብቻ እያየ ስለሚቆም ነው። ምክንያቱ ዘወትር ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ባይኖኩላሩ ለዓይኑ አልተስተካከለም፣ ወይ መሪው "ከግንዱ በስተቀኝ፣ 2 ሰዓት ላይ" ሲል ወዴት መመልከት እንዳለበት አያውቅም። ሁለቱም የወፍ ዕውቀት አይጠይቁም፤ ቤት ሆኖ በሦስት ቀን ይለመዳሉ። ደረጃ 3 እና ደረጃ 6 ከሌሎቹ የረዘሙት ለዚህ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው እነሱን ብቻ አንብቦ ቢወጣም ያዋጣዋል።

ደረጃ 1፦ ለጀማሪ የሚሆነውን ጉዞ ምረጡ

የክበብ ጉዞዎች በስም ይመሳሰላሉ፣ በአካሄድ ግን ለየቅል ናቸው። ማስታወቂያው የትኛውን እንደሚጠራ ለዩ፦

• የጀማሪዎች ጉዞ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚኬደው 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መሪው እየቆመ ያሳያል፣ ያስረዳል። መጀመሪያ የምትወጡት በዚህ ይሁን።
• የቆጠራ ጉዞ። ዓላማው ቁጥር መያዝ ስለሆነ መሪው ጥያቄ ለመመለስ ፋታ የለውም። መዝጋቢ ካስፈለገ ብቻ ሂዱ።
• የብርቅዬ ወፍ ፍለጋ። አንዲት ወፍ ታይታለች ተብሎ የሚወጣ ነው። ረጅም መንገድ ይነዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ይቆማል፣ ወፏም ላትገኝ ትችላለች። ለጀማሪ አይመከርም።

በአካባቢያችሁ ክበብ መኖሩን ካላወቃችሁ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ የአእዋፍ ጥበቃ ድርጅት ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች አጋር ድርጅቶች አሉት። የአገሩን አጋር ፈልጋችሁ "በአቅራቢያችን ለጀማሪ ጉዞ የሚያዘጋጅ ማን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም የተሰዳጅ አእዋፍ ቀን በፈረንጆቹ ሜይ እና ኦክቶበር ወር በሁለተኛው ቅዳሜ ስለሚውል በእነዚያ ሰሞን አባል ላልሆነ ሰው ክፍት የሆነ ጉዞ ማግኘት ይቀላል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ መሪ ከ15 ሰው በላይ ከያዘ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው የሌላውን ጀርባ ነው። ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ ስንት መሪ እንዳለ ጠይቁ፤ አንድ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለውን ጉዞ ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ስትመዘገቡ ሁኔታችሁን በግልጽ ጻፉ

"መምጣት እፈልጋለሁ" ብሎ መላክ አይበቃም። መሪው መንገዱን የሚመርጠው የሚመጣውን ሰው አይቶ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ ለቅዳሜው የጀማሪዎች ጉዞ ሁለት ሰዎች መመዝገብ እንፈልጋለን። ሁለታችንም ከዚህ በፊት ወጥተን አናውቅም። አንድ ባይኖኩላር አለን፤ ሌላ አንድ መዋስ ይቻል ይሆን? አንዳችን ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገት ካለ ቀድመን ብናውቅ ጥሩ ነው። የመገናኛውን ቦታ እና በዕለቱ የምንደውልበትን ስልክ ይላኩልን።"

መልሱ ሲመጣ ሦስት ነገር አረጋግጡ። ዝናብ ከጣለ ጉዞው ይሰረዛል ወይስ ይቀጥላል? መንገድ ላይ መጸዳጃ አለ? መነሻው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ሦስተኛው እንደ ቀልድ አይታለፍ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ "6:30" ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንብቦ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ሰው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚጠብቀው።

መቅረታችሁን ካወቃችሁ ከአንድ ቀን በፊት ተናገሩ። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል።

ደረጃ 3፦ ባይኖኩላሩን ቤት ሆናችሁ አስተካክሉ

የትኛው ይሻላል?

ባይኖኩላሩ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። በ8×42 ላይ 8ቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፦ 8×42 ላይ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10×42 ላይ 4.2፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው 8×25 ላይ ደግሞ 3.1 ገደማ ነው። ክቡ በሰፋ ቁጥር ንጋት ላይና ጫካ ውስጥ ምስሉ ይበራል፣ ዓይንም በቀላሉ ቦታውን ያገኛል።

ለጀማሪ 8×42 ወይም ቀለል ያለው 8×32 በቂ ነው። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የእጅንም መንቀጥቀጥ ያጎላል፣ የሚያሳየውም ስፋት ይጠባል፤ ወፏን ማግኘት ራሱ ፈተና ይሆናል። 20 ጊዜ ያቀርባል የተባለ፣ ዙም ያለው፣ "ማስተካከል አያስፈልገውም" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሁሉም የሚሻለው ለመጀመሪያው ጉዞ ከክበቡ ተውሶ፣ የሌሎቹንም በእረፍት ሰዓት አስፈቅዶ እያዩ ከዚያ መግዛት ነው።

መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ምስሉ ከመመልከቻው ስንት ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉ እንደሚታይ ጠይቁ። ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ዙሪያው ይቆረጥባችኋል።

የማስተካከሉ ቅደም ተከተል (አንዱንም አትዝለሉ)

1. በመመልከቻው ጫፍ ያሉትን የዓይን ጎማዎች አስተካክሉ። መነጽር የማያደርግ ሰው ወደ ውጭ ያውጣቸው፤ መነጽር የሚያደርግ ወደ ውስጥ ያስገባቸው።
2. ሁለቱን ቱቦ ይዛችሁ መካከለኛውን ማጠፊያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ። የምትፈልጉት አንድ ሙሉ ክብ ነው። ፊልም ላይ የሚታየው ጎን ለጎን የተጣበቀ ሁለት ክብ ከመጣ ገና አልተስተካከለም።
3. 20 ሜትር ያህል የራቀ፣ ጠርዙ የጠራ ነገር ምረጡ፤ ታፔላ ላይ ያለ ፊደል ይመቻል።
4. የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፍ ጋርዱ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ አንዱን ዓይን መጨፈን ሌላውንም ያጨማድደዋል። ፊደሉ በግራ ዓይን ጥርት እስኪል መሃል ላይ ያለውን መዘውር አዙሩ።
5. አሁን የግራውን ሌንስ ጋርዱ። መሃል ያለውን መዘውር ሳትነኩ፣ በአብዛኛው ቀኝ መመልከቻ ሥር የሚገኘውን ዳይኦፕተር የተባለውን ቀለበት ፊደሉ በቀኝ ዓይን እስኪጠራ አዙሩ።
6. በሁለቱም ዓይን ተመልከቱ። ጥርት ካለ ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ፣ ወይም ትንሽ ነጥብ አድርጉበት። ከዚህ በኋላ የምትነኩት መሃል ያለውን መዘውር ብቻ ነው።
7. ማንገቻውን አሳጥሩ። ባይኖኩላሩ ደረት ላይ ይረፍ። ሆድ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ በየእርምጃው ይማታል፣ ዓይን ጋ ለመድረስም ይዘገያል።

ከእነዚህ የሚረሳው ተራ ቁጥር 5 ነው። ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ "ባይኖኩላር ራሴን ያመኛል" ይላል።

የሦስት ቀን ልምምድ

ወፍ አግኝቶ ባይኖኩላር ሲያነሳ ወፏ የምትጠፋበት ሰው የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ ዓይኑን ከወፏ ላይ አንስቶ ወደ እጁ ያያል። ዓይን ወፏ ላይ ተተክሎ ይቅር፤ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ይምጣ እንጂ ዓይን ወደ ባይኖኩላሩ አይውረድ። በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

• ቀን 1፦ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ፤ አንድ ቅጠል፣ ሚስማር፣ የአንቴና ጫፍ። ትኩር ብላችሁ እያያችሁ አንገት ሳታንቀሳቅሱ ባይኖኩላሩን ዓይን ላይ ግጠሙ። 20 ጊዜ ደጋግሙ።
• ቀን 2፦ 5 ሜትር ላይ ያለ ነገር፣ ወዲያው 50 ሜትር ላይ ያለ ነገር እያያችሁ መዘውሩን አመላልሱ። ለቅርብ ወዴት፣ ለሩቅ ወዴት እንደሚዞር ጣታችሁ ሳታስቡት ይወቅ።
• ቀን 3፦ የሚበሩ ርግቦችን ተከተሉ። መጀመሪያ ብትስቱ አትበሳጩ፤ በራሪ ወፍ መከተል ከሁሉም የከበደው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በባይኖኩላር ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አትመልከቱ። ፀሐይ አጠገብ የምትበር ወፍ ስትከተሉም ባይኖኩላሩን ቀድማችሁ አውርዱ። ለቅጽበት እንኳ ቢሆን ዓይን ይጎዳል።

ችግር ሲኖር

• ምስሉ ውስጥ ጥቁር ጥላ ይመላለሳል፦ ዓይናችሁ ወደ ሌንሱ ከመጠን በላይ ቀርቧል። የዓይን ጎማውን አንድ እርከን አውጡ።
• ሁሉን አስተካክላችሁ ምስሉ አሁንም ሁለት ነው፦ ባይኖኩላሩ ወድቆ ውስጡ ያሉት ብርሃኑን የሚያጥፉ መስታወቶች (ፕሪዝሞች) ተዛንፈዋል። ጥገና ያስፈልገዋል። እንዲሁ ብትጠቀሙበት ዓይን አጣጥሞ ለማየት ስለሚታገል ራስ ምታት ያስከትላል።
• ሌንሱ ቆሽሿል፦ መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አስወግዱ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሸዋው ሌንሱን ይፍቀዋል። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ።

ደረጃ 4፦ አሥር ወፍ ብቻ አጥኑ

የመለያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግራ ያጋባል። ኢበርድ በተባለው፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚያስገቡበት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ የምትሄዱበትን አካባቢ ስትፈልጉ በየወሩ የትኛው ወፍ በብዛት እንደሚታይ ያሳያል። በዚያ ወር አዘውትረው ከሚታዩት አሥሩን ምረጡና መልካቸውን ለምዱ። መስክ ላይ አዲስ ወፍ ስታዩ "ከማውቃቸው አይደለችም" ማለት መቻል ራሱ ትልቅ እገዛ ነው።

በተለይ ሦስት ወፎችን እንደ ማስመሪያ ያዙ፦ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ቁራ። መሪዎች መጠንን የሚናገሩት በእነሱ ነው፦ "ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከርግብ ታንሳለች"። በሴንቲ ሜትር ማሰብ አይጠቅምም፤ ባዶ ሰማይ ላይ ያለች ወፍ ርቀቷ ሳይታወቅ መጠኗ አይታወቅም።

የአካል ክፍሎቹንም ከአንድ ሥዕል ላይ እያመለከታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩ፦ አናት፣ ከዓይን በላይ እንደ ቅንድብ ያለ መስመር፣ ጉሮሮ፣ ደረት፣ ጎን፣ ሆድ፣ ክንፍ ላይ ያለ ነጭ መስመር፣ ከጭራ በላይ ያለው ወገብ፣ ጭራ። ወገቡን አትናቁት። አንዳንድ ወፍ ቆማ ምንም ምልክት ሳይኖራት ስትነሳ ብቻ ነጭ ወገቧ ያስታውቃታል።

ደረጃ 5፦ ማታ አዘጋጁ፣ ቀድማችሁ ድረሱ

ልብስ፦ ደብዘዝ ያለ ቀለም፣ ተደራራቢ ሆኖ የሚወልቅ። ነጭና የሚያብረቀርቅ ልብስ ተዉ። ስትራመዱ የሚንሿሿ የዝናብ ካፖርት ከነጭ ልብስ ይብሳል፤ የሌሎቹንም ጆሮ ይደፍናል። ሣር ረጅም ከሆነ መዥገር እንዳይገባ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ አስገቡ።

ቦርሳ፦ አንድ ሊትር ውኃ፣ ኮፍያ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር እና እርሳስ። እርሳስ የተባለው ለማዳነቅ አይደለም፤ እስክሪብቶ በረጠበ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ከመነሻው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የመኪና በር ሳታላጉ ዝጉ፤ መኪና ማቆሚያው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ብዙ ጊዜ የማለዳው ጥሩ ቦታ ነው። ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉ፣ ንዝረቱንም አጥፉ። ለመሪው ስማችሁንና ጀማሪ መሆናችሁን ንገሩ። ባይኖኩላሩን ከቦርሳ አውጥታችሁ አንግቱ፤ ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ የቆየ ባይኖኩላር ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ጉም ይለብሳል፣ እስኪለቀውም 15 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ መስክ ላይ

የት ትቆማላችሁ?

ከመሪው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ወደ ኋላ ሁኑ። ከመሪው ቀድሞ መሄድ አይፈቀድም፤ ካሜራ የያዘ ሰው በዚህ ይፈተናል፣ አንድ እርምጃ ለፎቶ ሲጠጋ ለአሥር ሰው ወፏን ያስበርራል። መሪው እጁን ሲያነሳ ወይም ሲቆም እግራችሁ ባለበት ይቁም። ከዚያ ተራ በተራ ከመሰለፍ ይልቅ ወደ ጎን ተዘርግታችሁ ግማሽ ክብ ሥሩ፤ ቁመተ ረጅሞች ከኋላ።

ስትነጋገሩ ከሹክሹክታ ይልቅ ዝቅ ያለ ድምፅ ተጠቀሙ። ሹክሹክታ "ስ" እና "ሽ" ስለሚበዛበት ጸጥ ባለ ቦታ ከሚገመተው በላይ ይሰማል።

አቅጣጫ አነጋገር

የጉዞው ቁልፍ ይህ ነው። መሪዎች ሦስት መንገድ ይጠቀማሉ፤ ጀማሪ የሚደናገረው የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ሲያምታታ ነው።

ሀ. የቆመ ሰዓት። ወፏ ዛፍ ላይ ስትሆን ዛፉ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት ይቆጠራል። ጫፉ 12፣ የቀኙ ዳር 3፣ ሥሩ 6፣ የግራው ዳር 9 ነው። "2 ሰዓት ላይ" ማለት ከመሃል ወደ ቀኝና ወደ ላይ ማለት ነው።

ለ. የተኛ ሰዓት። ሜዳ፣ ሐይቅ ወይም ሰማይ ላይ ስትሆን እናንተ ሰዓቱ መሃል ቆማችኋል። 12 ቡድኑ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ ነው፤ 3 ቀኛችሁ፣ 6 ጀርባችሁ፣ 9 ግራችሁ። ስለዚህ መሪው መጀመሪያ "መንገዱን 12 እናድርገው" ይላል። ካላለ ጠይቁት።

ሐ. የባይኖኩላር ስፋት። "ከምሰሶው ወደ ግራ ሁለት ስፋት" ሲባል ምሰሶውን በባይኖኩላራችሁ ቀኝ ዳር አድርጉ፤ ወደ ግራው ዳር እስኪደርስ አንድ ስፋት ነው። ከዚያ የሚያህል ሌላ ጨምሩ። የሁሉም ባይኖኩላር ስፋት እኩል ስላልሆነ ግምት ነው፣ ግን ይሠራል።

ጥሩ አቅጣጫ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል። እንዲህ፦

— ከፊታችን ያለው ደረቅ ዛፍ ለሁላችሁም ይታያል?
— አዎ።
— ግንዱ ከመሃል ለሁለት ይከፈላል። በቀኙ ቅርንጫፍ ውጡ። የተሰበረ ጉቶ አለ።
— ጉቶውን አየሁት።
— ከጉቶው ጀርባ፣ 1 ሰዓት ላይ፣ ክንድ የሚያህል ከፍ ብላ፣ ቅጠል ውስጥ። አሁን ጭራዋን አነቃነቀች።

እየተነገረ ሳለ ባይኖኩላር ዓይን ላይ አይኑር። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ጉቶውን ፈልጉ፣ ከዚያ ባይኖኩላሩን አንሱ። በባይኖኩላር ብቻ የጠፋባችሁ እንደሆነ ግንዱ ሥር ጀምራችሁ በቅርንጫፉ እየተከተላችሁ ውጡ።

ካላያችኋት "አላየኋትም" በሉ፤ ነውር የለውም። ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅ ግን መሪውን ያታልለዋል፣ ቡድኑንም ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው ያላችሁበትን መናገር ነው፦ "ጉቶው ላይ ነኝ፤ ከዚያ ወዴት ልሂድ?" እንዲህ ያለ ጥያቄ በአምስት ሰከንድ ይመለሳል።

እናንተ ቀድማችሁ ካያችሁ ደግሞ "እዚያ! እዚያ!" አትበሉ፤ እዚያ የሚባል አድራሻ የለም። ክንድ ዘርግቶ መጠቆምም ወፍ ያስደነግጣል። ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ተናገሩ። ስሟን ባታውቁ ግድ የለም፤ "ርግብ የምታህል፣ ቡናማ፣ ሣሩ ላይ" ይበቃል።

ቴሌስኮፕ ላይ

መሪው ቴሌስኮፕ ከተከለ በመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አይታችሁ ልቀቁ፤ ሁሉም ካየ በኋላ በሁለተኛው ዙር ትቆያላችሁ። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ማቆሚያውን መደገፍ ወይም መመልከቻውን መያዝ አቅጣጫውን ያዛንፈዋል፤ ከናንተ ቀጥሎ ያለው ሰው ባዶ ውኃ ያያል። ወፏ ከሌለች "ሄዳለች" ብላችሁ ተናገሩ፣ ራሳችሁ ለመፈለግ አትሞክሩ።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ወፏን፣ ቀጥሎ መጽሐፉን

ወፏ ለአሥር ሰከንድ ትቆይ ይሆናል፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም። እስክትበር ድረስ ዓይናችሁን ከእሷ አታንሱ። የምታዩበት ቅደም ተከተል፦ መጠን፣ ቅርጽና ምንቃር፣ የምትሠራው ነገር፣ መጨረሻ ቀለም። ቀለም የመጨረሻ የሆነው ስለሚያታልል ነው። ፀሐይ ከወፏ ጀርባ ስትሆን ቢጫዋ ጥቁር ትመስላለች። ምንቃር ግን አይዋሽም፦ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ሰባሪ ናት፣ ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ፣ ጫፉ ቆልመም ካለና ጠንካራ ከሆነ ሥጋ በል። ከበረረች በኋላ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ።

የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ማዕከል በነጻ የሚያቀርበው መርሊን የተባለ መተግበሪያ ድምፅ ሰምቶ ስም ይጠቁማል። ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ድምፁ ከየት እንደመጣ ፈልጋችሁ ወፏን በዓይን እስካላረጋገጣችሁ ወይም መሪው እስካላጸደቀው ድረስ አትመዝግቡ።

ፈጽሞ የማይደረግ፦ ወፍ ለመጥራት የተቀዳ ድምፅ ማጫወት። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት መብሉንና ጎጆውን ትቶ ይመጣል፤ የሌለ ጠላት ሲፈልግም ጉልበቱን ይጨርሳል። አምስት ቡድን በአንድ ሳምንት ቢያጫውትበት አስቡት። ምግብ በምንቃሯ ይዛ የማትወርድ፣ እየደጋገመች የምትጮህ፣ ወይም ክንፏ የተሰበረ መስላ መሬት ላይ የምትጎተት ወፍ ካያችሁ ጎጆ አጠገብ ናችሁ። በመጣችሁበት ወደ ኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ መዝገቡ

ከ2002 ጀምሮ ያለው ኢበርድ የክበቦች ዋና መዝገብ ሆኗል። አንድ ሰው ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ መሪው፣ ዝርዝሩን ያስገባና ለሌሎቹ ያጋራል። ሁሉም ለየብቻው ካስገባ አንዷ ወፍ አሥር ጊዜ ትቆጠራለች። የተጋራው ሲደርሳችሁ ራሳችሁ ያላያችሁትንና ያልሰማችሁትን ከራሳችሁ ቅጂ ላይ ሰርዙ፤ የሌሎቹ አይነካም።

መዝጋቢ ከሆናችሁ የጀመራችሁበትን ሰዓት፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ ርቀቱንና የሰዎቹን ቁጥር ያዙ። በአንድ መንገድ ሄዳችሁ በዚያው ከተመለሳችሁ ርቀቱ የአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ከ8 ኪሎ ሜትር ከበለጠ ዝርዝሩን ክፈሉት። ቁጥር ስትገምቱ ዝቅ ያለ ግምት ይሻላል፣ ባዶ መተው ግን አይመከርም።

የጉጉት ማደሪያና የጎጆ ቦታ ለሕዝብ አታውጡ። ስልክ ያነሳው ፎቶ ቦታውን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ከመለጠፋችሁ በፊት የቦታ መረጃውን አጥፉ።

ነገር ሲበላሽ

ዘግይታችኋል። ለመሪው ደውላችሁ ቡድኑ የት እንዳለ ጠይቁ። ስትደርሱበት አትሩጡ፣ ከሩቅም አትጣሩ። ስልክ ካልተነሳ መነሻው ቦታ ላይ ጠብቁ፤ ብዙ የጀማሪ ጉዞ ተመልሶ እዚያው ያበቃል።

ስም ተሳስታችሁ ተናገራችሁ። "ተሳስቻለሁ፣ እሷ አይደለችም" ብላችሁ እለፉ። ልምድ ያላቸውም በየጉዞው ይሳሳታሉ። የሚያስቸግረው ስህተቱን ሲከራከርለት የሚቆይ ሰው ነው።

ደከማችሁ ወይም ቀድማችሁ መሄድ ፈለጋችሁ። ለመሪው በቃል ሳትናገሩ አትለዩ። መሪው መጨረሻ ላይ ሰው ይቆጥራል፤ አንድ ከጎደለ ሁሉም ፍለጋ ይወጣል።

ዝናብ መጣ። ባይኖኩላሩ ውኃ የማያስገባ ካልሆነ ካፖርት ውስጥ አድርጉት። ቤት ስትደርሱ መሸፈኛው ውስጥ እንደረጠበ አትክተቱት፣ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ክፍል ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት።

ልጅ ይዛችሁ መጥታችሁ ተሰላችቶ መጮህ ጀመረ። ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታችሁ ላባ፣ የጎጆ ስባሪ ወይም ዱካ እንዲፈልግ ሥራ ስጡት። ላባውን አይቶ ባለበት ይተወው፤ በብዙ አገር የዱር ወፍ ላባ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አራት ወፍ ብቻ አያችሁ። ሰዓቱንና አየሩን ተመልከቱ። ነፋስ ሲበረታ ትንንሾቹ ወፎች ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ፀሐይ ስትከር ዝማሬው ይቀንሳል። ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚነሳ ጉዞ ፈልጉ፣ ከተቻለም ወደዚያው ቦታ ይሁን። አራቱን ስለምታውቋቸው አምስተኛዋ ስትመጣ በዓይን ትለያለች።